የወፎ ቀጥ ያለ ክር

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለወፎ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እንቅልፍህስ? ከሁሉ በፊት ግን ዓይንህ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን አመሌን ለምዷል። ደብዳቤውን የምታነቢለት ልጁ፣ እባክሽ አትሩጪበት፤ አራት ነጥብ ስታዪ ተንፍሺ።

ልጅህ የጻፈችልኝ ደርሶኛል። የቀኝ ዓይንህ እንደጠፋ፣ የግራውም እየደበዘዘ እንደሆነ፣ “እሱም ሳይከዳኝ የእህቴን ፊት ልየው” እንዳልክ ነግራኛለች። አንብቤ ስጨርስ የምመጣበትን መንገድ ማሰብ ጀመርኩ። ሐኪሜ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ መንገላታትን ከልክሎኛል። የቀረው አውሮፕላን ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ድምፁን ስሰማ ልቤ ድው ድው ይላል።

ቢሆንም ማክሰኞ ዕለት ትኬት ቢሮ ሄድኩ። ርቀቱ ስንት ነው ብላት ልጅቷ “አርባ ደቂቃ” አለችኝ። የጠየቅሁሽ ርቀት ነው፤ ደቂቃ ርቀት አይደለም አልኳት። “እማማ፣ ኪሎ ሜትር የጠየቀኝ ሰው የለም” ብላ ሳቀች። ግን ጨዋ ልጅ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ደውላ አጣርታ “ሁለት መቶ አሥራ ሁለት” አለችኝ። ልነሳ ስል ቁጥሩ መልሶ አስቀመጠኝ።

ታናሼ ሆነህ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተቀመጥክበትን ዓመት ታስታውሳለህ? መምህራችን ከእኛ ከተማ እስከ ተራራው ማዶ፣ ኋላ ሥራ ይዘህ እስከቀረህባት ከተማ ያለውን ርቀት ካርታ ላይ ለኩ አሉን። ከእናታችን የስፌት ሣጥን ቀይ ክር ወሰድን። እኔ መንገዱ በተጠማዘዘበት ሁሉ ክሩን አጠማዝዤ፣ እያንዳንዷን ኩርባ በጥፍሬ ይዤ ለካሁ። አንተ ከነጥብ ወደ ነጥብ ወጥረህ ሁለት መቶ አሥር ብለህ ጻፍክ። “ተራራውን በምን አለፍከው? ወፍ ነህ?” ብለው ዜሮ ሰጡህ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ስሙም በዚያው ወጣልህ። እናታችን እንኳ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርታህ አታውቅም። አንተ ግን አላለቀስክም። ወደ ቤት ስንመለስ “የተሳሳተው እኮ መንገዱ ነው” አልከኝ።

ለእግረኛ የእኔ መልስ ትክክል ነው፤ ከዚህ ዝንፍ አልልም። ነገር ግን ያንን መንገድ እየፈራን ስንት ዓመት ሳንተያይ ቀረን? ዛሬ ኳስ ትራገጥበት ከነበረው ሜዳ የሚነሳው አውሮፕላን አንተ በወጠርከው ክር ላይ ነው የሚሄደው። ትርፏን ሁለት ኪሎ ሜትር በክሩ ውፍረት አሳብቤልሃለሁ። ዜሮዋን ሰርዣታለሁ።

ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። በመስኮት በኩል አስቀምጪኝ ብያታለሁ፤ ብፈራም እነዚያን ኩርባዎች ከላይ ሳላያቸው አልቀርም። አንተ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጋ ቁም። ዓይንህ በፍለጋ እንዳይደክም እንደ ክራችን የቀላ ሻርፕ አደርጋለሁ።

ለባለቤትህ በጣም እንደናፈቀችኝ ንገርልኝ። ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስለ ንባቧ ስመጣ እንነጋገራለን። መካኒኩ አማችህ የአውሮፕላን ብልሽት ወሬ እንዳያወራኝ አደራ። ትንሿ የልጅ ልጅህ ቀይ ክር ታዘጋጅልኝ፤ ሁለቱንም አለካክ አስተምራታለሁ።

እህትህ፣ በስተርጅና ወፍ ልትሆን የተነሳችው

ከክሩ ወዲህኛው ጫፍ፣ ኅዳር ፱ ቀን