ሰባት ደረጃ ወደ ሐይቁ

ለበኩር ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? የእናትህ ሰላምታ ያለህበት ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሳ ይይዝሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? የልጅ ልጄ ጥርስ አወጣች? እኛን የጠየቅክ እንደሆነ፣ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ «እኛ ደህና ነን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ ነበር የምጽፈው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብያለሁ። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም። አባትህም ደህና አይደለም። እህትህ ከሞተች አራት ወር ሞላት፤ አልጋዋን እስካሁን አላነሳሁም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስመጥተህ አብረህ የላክኸው ወረቀትም ደርሶኛል። ሐይቁ ዳር በእህትህ ስም አግዳሚ ልታቆምላት ነው፤ መደገፊያው ላይ «ይህን ሐይቅ ትወደው ነበር» ተብሎ ይጻፋል፤ የቀረው የእናት ፊርማ ብቻ ነው። «ቢያንስ ምኞቷ ተሳክቶላት ሄደች፣ እኔን የሚያጽናናኝ እሱ ነው» ብለሃል። ያቺን «ቢያንስ» ሳነብ ወረቀትህን ከነፖስታው ልቀደው ነበር። አባትህ ነው ከእጄ የነጠቀኝ።

ልጄ፣ እህትህ ሐይቁን አላየችውም።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው። ያን ቀን እንዴት እንደዋልን አንድ ሳላስቀር እነግርሃለሁ። ድንኳን ተክለን ሐይቁ ዳር እንድናድር ቦታውን በኢንተርኔት የያዝክልን አንተ ነህ፤ የልደቷ ስጦታ ነበር። ንቢቱ (ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታንጎራጉር ስለምትውል ስሙ እንደ ወጣላት ታውቃለህ) ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አባትህ የድንኳኑን የተቀደደ ጥግ በስፌት መኪናው ሰፋላት። እኔም ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። «እግሬን ውሃው ውስጥ እከተዋለሁ፤ ቅዝቃዜው ባይሰማኝም ሲረጥብ አየዋለሁ» ትል ነበር።

በሩ ላይ ጠባቂው ወረቀቱን አየ፣ ተሽከርካሪ ወንበሯን አየ፣ ተመልሶ ወረቀቱን አየ። «እማማ፣ እዚህ ላይ እኮ በድጋፍ ትራመዳለች ነው የሚለው» አለኝ። ለተሽከርካሪ ወንበር ተብለው የተሠሩ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ውሃው አጠገብ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ የመጸዳጃቸው በር ሰፊ የሆነ። ሁለቱም ተይዘው ነበር። ለእኛ የተመደበልን ከላይ፣ ከዛፎቹ ሥር ነው፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሰባት የድንጋይ ደረጃ ነው። ለመንኩት። ከዚያ ተቆጣሁት። «አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም? ይቺ ልጅ ትራመዳለች?» አልኩት። «እኔ የማየው ወረቀት ነው፤ የጻፈውን ሰው ይጠይቁት» አለኝ። የጻፈው ሰው አንተ ነህ።

መንገዱ ጠጠር ነው። ጎማዎቿ እየሰጠሙ አባትህ ከኋላ ሲገፋ፣ እኔ ከፊት ስጎትት፣ ድንኳኑ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብን። የመጸዳጃው በር ለወንበሯ በአራት ጣት ጠበበ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላትን ሴት ልጄን ከዛፍ ኋላ ይዣት፣ አባትህ ፊቱን አዙሮ አንሶላ ዘርግቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ውሃ አልጠጣም አለች። ያን ሁሉ ፀሐይ አንድ ጉንጭ ሳትቀምስ ዋለች። ውሃ ልታይ መጥታ ውሃ ፈርታ ዋለች።

አጠገባችን ከነቤተሰቡ የሰፈረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ደረጃው አናት ላይ ተቀምጣ ሲያያት እጅጌውን እየሰበሰበ መጣና «ኑ እናንሳት፣ ላባ እኮ ናት» አለ። ንቢቱ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እኔ ፍራሽ አይደለሁም። ወንበሬ ከወረደ እወርዳለሁ፤ ካልወረደ እዚሁ ሆኜ እርስዎ ሲንሸራተቱ እስቃለሁ» አለችው። ሰውዬው «ልርዳ ቢሉ ስድብ!» ብሎ ተመለሰ። ሚስቱ ደግሞ እኔ እየሰማሁ «እንዲህ ከሆነች ቤቷ ብትቀመጥ ምን አለበት» አለች። አልመለስኩላትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እህትህ ቀኑን ሙሉ እዚያው ደረጃው አናት ላይ ዋለች። ከታች ሰው ውሃ ሲራጭ፣ ሲጮህ ይሰማል፤ ሐይቁ ግን በቅጠሉ መሀል እንደ መርፌ ቀዳዳ ብልጭ ከማለት በቀር አይታይም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አባትህን «አባዬ፣ ውረድና ፎቶ አንሳልኝ» አለችው። ወርዶ አነሳላት። በማግሥቱ የላክንልህ፣ አንተም በመስተዋት አስገጥመህ ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው ፎቶ እሱ ነው። እሷ ፎቶው ላይ የለችም። ይህን ያህል ጊዜ ስታየው ልብ አላልክም?

አዎ፣ ደውለህ ስትጠይቀኝ «አይታው መጣች፣ ደስ ብሏታል» ያልኩህ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊትም ክራንቿን ትታ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድም ቀን አልጻፍኩልህም። በስልክ ስታያትም ከአንገቷ በላይ ብቻ ነበር የምናሳይህ። ሩቅ አገር ያለ ሰው ክፉ አይሰማም እያልኩ ነበር። ንቢቱ ከደብዳቤዎቼ ግርጌ አንድ መስመር ልትጨምር ስትቀበለኝ አንብባ ትስቅብኝ ነበር፤ «እማዬ፣ ሐኪሞቹ ያቃታቸውን እግሬን አንቺ በደብዳቤ አዳንሽው» እያለች። ቦታውን ከመያዝህ በፊት «ክራንቿን ይዛ ነው የምትሄደው አይደል?» ብለህ ስትጠይቀኝም «አዎ፣ ተመስገን» አልኩህ። አራት ወር ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው እያልኩ ደረቴን ስመታ ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን አባትህ እንጉርጉሮዋን ናፍቆ፣ የቀዳችው ድምፅ ይኖራል ብሎ ስልኳን ከፈተው። ድምፅ ስንፈልግ አንድ ፎቶ አገኘን። ከዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት ቀድሞ የላከችልህ ነው። አዲሱ ወንበሯ ላይ ሆና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ ሥሩም «ወንድምዬ፣ ይኸው ባለ ጎማ ሆንኩልህ፤ ከእንግዲህ አልሄድም፣ እነዳለሁ» ብላ ጽፋልሃለች። መልስህም እዚያው አለ። «አይዞሽ፣ ለጊዜው ነው። ለሰው አታሳዪው።»

ታውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቅክ እኔን «ክራንቿን ይዛ ነው አይደል?» ብለህ የጠየቅከኝ፣ የምትፈልገውን ልነግርህ እንደሆነ ስለምታውቅ ነው። ከእኔ አፍ ሰማሁ ብለህ ጻፍከው። እሷ መልስህን ለማንም አልነገረችም፤ ለእኔ እንኳ። ደረጃው አናት ላይ ተቀምጣ «የወንድሜ ወረቀት ነው» ሳትል ዋለች። ከሳንባዋ ታማ እኔ በማጥብለት ሆስፒታል ስትተኛም አንተን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችህም። እኔ ግን እንደ እሷ አይደለሁም።

ቅዳሜ እኔና አባትህ ወደ ፓርኩ ተመልሰን ሄድን። አባትህ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ለካቸው፤ ቁመታቸውን እየጠራልኝ ጻፍኩ፤ አራተኛው ከሌሎቹ ይረዝማል። ከዚያ በፊት የሆስፒታሉን የአልጋ መግፊያ ተዳፋት ለክቶ ስለነበር አሰላው። ደረጃው ላይ ሳንቃ ቢነጠፍ ሰው ቁልቁል ይወረወራል፤ በጎኑ ዞሮ የሚወርድ የተሽከርካሪ ወንበር መውረጃ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ያስፈልጋል ይላል። ያው ጠባቂ መጣና አወቀን። «ያቺ ተጫዋች ልጅስ?» አለ። ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ሊያዝን ሲል «ኮፍያህን መልስና መውረጃ እንዲሠራ እንዴት እንደሚያመለክቱ ንገረኝ» አልኩት። ደንገጥ ብሎ ነገረኝ። አግዳሚ ያዘዘ ሰው በምትኩ ሌላ ሥራ እንዲሠራለት ማመልከት ይችላል፤ ፈርሞ የሚጠይቀው ግን ራሱ ያዘዘው ሰው ነው።

ስለዚህ ወረቀትህን ሳልፈርም መልሼልሃለሁ። አግዳሚውን አልፈልግም። ቆሞ የሄደ ሰው እንዲያርፍበት በእሷ ስም ወንበር አይቆምም። በአግዳሚው ምትክ ያ መውረጃ ይሠራ። አዲሱ ማመልከቻ ከአባትህ ልኬት ጋር እዚህ ውስጥ አለ። «ምክንያት» የምትል ሣጥን አለችው፤ ባዶ ትቼልሃለሁ። በገዛ እጅህ፣ ሚስትህን ሳታስጽፍ፣ እንዲህ ብለህ ሙላት፦ «እህቴ የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። እያወቅኩ ትራመዳለች ብዬ ጻፍኩ። ሐይቁን ሳታይ ሞተች።» ይህን ከጻፍክ ከሥሩ እኔም «እኔም ዋሽቻለሁ» ብዬ እፈርማለሁ። ካልጻፍክ ግን አግዳሚህን አቁመውና ሄደህ አንተው ተቀመጥበት፤ «ደህና ነን» የሚል ደብዳቤ ግን ከእኔ አትጠብቅ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እሷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህንን ደብዳቤ አትደብቃት። የልጅ ልጄን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ከፍ ስትል የአክስቷን ፎቶ አሳያት፤ ያንን የሐይቁን ሳይሆን ባለ ጎማውን። አማትህ አብረዋችሁ ካሉ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። አባትህ ሰላም ብሎሃል፤ ምን ልጨምርልህ ብለው ሜትሩን ጠቀለለ።

ከንቢቱ ሰላምታ የለም። እሷ የምትጽፍባትን የመጨረሻዋን መስመር ባዶ ትቻታለሁ።

እናትህ

ከአባትህ የስፌት ጠረጴዛ ላይ
ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን