ማስታወቂያ መዝጊያው

ጥቅምት 18
«ማስታወቂያ ሳትዘጋ ከዚህ አገር አትወጣም፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው!» ሳጃና ሰፈር፣ ኢንተርኔት በሰዓት የሚሸጥበት ሻይ ቤት፣ ሻጩ ሚልዮን ለአንዱ ደንበኛ ሲናገር ሰማሁ። አመንኩት። እስከ ዛሬ ያገደኝ ጦርነቱ መስሎኝ ነበር።

ልጄ እፀገነት ጥር ላይ ጎንደር ታገባለች። የመውጫ ወረቀት ከሌለኝ ድንበር አልሻገርም። ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ። «ላክ» የሚለውን ስነካ ሌላ ነገር ይከፈታል… ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ። ዱባይ ውስጥ የሚሸጥ ቪላ። እዚሁ አል-ጣኢፍ ሰፈር የሰው ቪላ ስጠብቅ ስድስት ዓመቴ። የባለቤቶቹን መጻሕፍት አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ቤቱ ግን አያልቅም። ሌላ ቪላ ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት 20
ሚልዮን ስልኬን አገላብጦ አየ። «ጋሼ፣ ይኼ ኢንተርኔት የምትከፍትበት ብሮውዘር ተጨማሪ ነገር፣ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። የሚቀበል ላውርድልህና ማስታወቂያ መዝጊያ ልጫንበት። ኻላስ፣ በቃ ትገላገላለህ።»

ከፈልኩት፣ ጫነ። ገጹ የተጠረገ ግቢ መሰለ። በአንድ ንክኪ ላክሁ። ቀጠሮው እዚያው ገጽ ላይ ይወጣል አሉ።

ሉጥፊያም ፈልጋ ነበር። የወሎ ልጅ፤ እኔ በሩን ስጠብቅ እሷ ቤቱን ታጸዳለች። ስልኳ አርጅቷል፣ አዲሱን ብሮውዘር እምቢ አለ። ማስታወቂያውን አንድ በአንድ በጣቷ እየዘጋች ላከች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። አዘንኩላት።

ጥቅምት 27
ገጹ ነጭ። ምንም የለም።

ኅዳር 4
ነጭ። ሉጥፊያ ግን ቀጠሮ ደረሳት። አንድ ቀን አይደል የላክነው?
«የት አየሽው?»
«ከሻዩ ማስታወቂያ በታች ብቅ አለ።»
«ለሴት ያደላሉ መሰለኝ።»
«ቅናት ነው ጋሼ፣ ወላሂ።»
ሊሆን ይችላል። እኔ ስልክ ላይ ብቅ የሚል ነገር የለም። ገንዘብ የከፈልኩትም ለዚሁ ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ
ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው «ቀጠሮ አለህ?» አለ። «የለኝም።» «እንግዲያው እዚያ አግዳሚው ላይ።» ዘበኛ ለዘበኛ አያዝንም። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ተቀመጥኩ። ውስጥ ስም ይጠራሉ፤ በሩ ዝግ ስለሆነ አይለይም።

ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ከዚያው ወደ ድንበሩ፣ በገዳሪፍ አውቶቡስ። «ያንተም ይደርሳል ኢንሻላህ» አለች። ፊቷን ዞር አድርጋ ነበር… ለምን ይሆን?

ኅዳር 11
ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ዛሬም ገጹ ነጭ። ሚልዮን ዘንድ ወሰድኩት። አየው። መዝጊያውን ለዚያ ገጽ ብቻ አጠፋው።

ቪላው ተመለሰ። ሻዩ ተመለሰ። ከሻዩ በታች አንድ ቢጫ መስመር።

«ጋሼ… መዝጊያው ቀጠሮህንም ማስታወቂያ ነው ብሎ ደብቆታል። ቀኑ አልፏል። የሚቀጥለው ዙር የካቲት ነው ይላል።»

ስልኩን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።