አኝኮ የሚተፋው ማጨጃ

ጥቅምት 3
ማጨጃውን ከትራክተሩ ኋላ አስሬ ወጣሁ። ግማሽ መስመር እንኳ ሳልሄድ ታነቀ። ሞተር አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ሣሩን በእጄ ነጨሁ። እንደገና... እንደገና። ይሄ ማጨድ ነው? አኝኮ መትፋት ነው እንጂ!

አባዬ ግማሽ ጎኑ ከሰነፈ ወዲህ ወንበሩን ማሳው ዳር አወጣለታለሁ። ሞተሩ ትንሽ ከፍ ሲል ከዘራውን ያነሳል። "ቀንሺ! ትራክተሬን ልታርጂው ነው?" ቀነስኩ። ይሄ ሣር ደርቆ ካልገባ ላሞቹ በጋውን የሚበሉት የለም። መሸጥ ነው።

ጥቅምት 5
ምላጮቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ። የተጠመጠመውን ሣር ከሚሽከረከሩት ሳህኖች ሥር ፍቄ አወጣሁ። እጄ ተላጠ። ውጤቱስ? ያው።

"እኔም ዕድሜ ልኬን እየወረድኩ እየነጨሁ ነው ያጨድኩት" አለ አባዬ። "አንቺ ትዕግሥት የለሽም።" እሺ፣ የለኝም።

ጥቅምት 6
ደመና። በዚህ ወር? ደግሞ ምን አመጣው...

ጥቅምት 7
የጠራሁት መካኒክ መጣ። አንዴ ስነዳ አየኝና ሳቀብኝ። "እህቴ፣ ይሄ በኃይል ካልዞረ አይቆርጥም። ሞተሩን እሹሩሩ እያልሽ ሣር አይታጨድም! ነዳጅ ስጪው።"

አባዬ ሰማ። "በቁሜ ትራክተሬ አይጮህም!" አለ፣ እንደተቀመጠ። ሳቄን ዋጥኩት። የእኩዮቹ ትራክተር ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል፤ የእሱ ዛሬም ይነሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ደፍሮ ተሳስተሃል ይለዋል? እኔ?

መካኒኩ ሲሄድ "ዛሬውኑ እጨጂ፣ ሰማዩን አታምኚው" አለኝ። አላጨድኩም። አባዬን ፈራሁት። በዚህ ዕድሜዬ!

ጥቅምት 8
ዝናብ።

ጥቅምት 9
ዝናብ። አባዬ አንዱ መስኮት ጋ፣ እኔ ሌላው ጋ።

ጥቅምት 14
አባራ። ሣሩ ተኝቷል፣ ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። እልህ ያዘኝ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት። ትራክተሩ ጮኸ፣ ከዘራው ተነሳ፣ እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ። አንዴም አልታነቀ! የተኛውን ሣር ሳይቀር ከሥሩ ላጨው።

ቁጣውን ልቀበል ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። አልተቆጣም። የታጨደውን ያያል።

"እንዲህ ነበር እንዴ የሚያጭደው?"

"አዎ፣ አባዬ።"

ከሣሩ አፍሼ ለላሞቹ ወሰድኩ። አሸተቱትና ፊታቸውን አዞሩ። እውነታቸውን ነው፤ በስብሷል።

ጥቅምት 20
ነጋዴው መኪናውን በረቱ በር ላይ አስጠግቶ ላሞቹን ሁሉ ጫነ። የመጨረሻዋ አልወጣም ብላ አስቸገረች። እኔው ነኝ ገፍቼ ያስገባኋት። ማንን ልቆጣ? አባዬን? ራሴን? ሰማዩን?

ማታ ጫማውን ሳወልቅለት በደህናው እጁ ትከሻዬን ያዘ።

"ለከርሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ነዳጁን ስጪው። እኔን አትስሚኝ፣ እሺ?"

በረቱ ባዶ ነው። ለማን ነው የማጭደው፣ አባዬ? ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

"እሺ" አልኩት።