ብድር የከለከልኩት ገበሬ

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት እየተሻላት ነው፤ ምላሷማ ድሮም አልታመመም። "ባንክ ለገበሬ ባያበድር እርሻው ምን ይሆናል?" ብለሽ ለጥናትሽ ከጠየቅሽኝ ወር አለፈ። ቁጥሩን ከባንኩ ታገኚዋለሽ። እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነው።

ጎምበስ ይሉት ነበር፤ ከማሳው ቀና ብሎ ስለማያውቅ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በሆንኩ በዓመቱ መጣ። መሐረቡን ፈታና አንድ ሽንኩርት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"ይሄ በዝናብ ብቻ የበቀለ ነው ጌታዬ። ጉድጓድ ማስቆፈሪያና የውሃ ሞተር መግዣ ብታበድሩኝ በዓመት ሦስቴ አመርታለሁ።"

"ማስያዣ አለህ?"

"መሬቴ አለ።"

"የእርሻ መሬት አንይዝም። ከተማ ውስጥ ቤት የለህም?"

"ከተማ ቤት ቢኖረኝ ምን ጭቃ አስቦካኝ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ባዶ እጁን መለስኩት።

ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ቀን ከእሱ በፊት የገባው ጅምላ ነጋዴ ነበር። ፎቁን አስይዞ ከውጭ ሽንኩርት ማስገቢያ ጠየቀኝ፤ የተቀመጠበት ወንበር ሳይሞቅ ፈረምኩለት። ከጎምበስ ጋር በር ላይ ተላለፉ።

"እንግዲያው በእጄ እቆፍረዋለሁ" አለኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

የሆነውን የነገረኝ የባንኩ ጥበቃ ነው። ሚስቱ ከላይ አፈሩን በባልዲ እየጎተተች፣ እሱ ከታች እየቆፈረ፣ ጉድጓዱ ተደረመሰበት።

ለሁሉም "መመሪያው ነው" አልኩ። ለእናትሽም። ግን መመሪያው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ በራሱ ኃላፊነት ያለ ማስያዣ ሊፈቅድ ይችላል የሚል አንቀጽ ነበር። በቃሌ አውቀው ነበር። ዕድገቴ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይመስለኛል፤ እናትሽ ልትከፍት ስትነሳ እጇን ይዤ አስቀምጣታለሁ።

ባለፈው እሑድ ወደ ጎምበስ መንደር ሄድኩ። ማሳውን አረም ወርሶታል። ሚስቱ መንገድ ዳር ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ከዚያው ነጋዴ መጋዘን የምታመጣውን። የመንደሩም ወንዶች እዚያው መጋዘን ጆንያ ይሸከማሉ። የሚያርስ ሰው አላየሁም።

"ስንት ኪሎ ላድርግልዎት አባባ?"

"ሁለት" አልኩ። ሚዛኑን ስታስተካክል ደግሞ፣ እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ፣ "ያ ጉድጓድ እንዴት ሆነ?" አልኳት።

"ደፈንነው።" እጇ ሚዛኑ ላይ ቆመ። "ውሃ ነበረው እኮ። ሲያወጡት ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። ባለቤቴን ያውቁት ነበር እንዴ?"

"አይ፣ መንገደኛ ነኝ።"

መረቀችኝ። መርቃ አንድ ፍሬ ጨመረችልኝ።

ነገ ተመልሼ ሄጄ ማን እንደሆንኩ እነግራታለሁ። ሰኞም እንዲሁ ብዬ ነበር። ትናንትም።

ልጄ፣ ፊርማሽ ለሰው የሚደርስ ይሁን። እኔ ያልደፈርኩትን የምትደፍሪ ያድርግሽ።

አባትሽ