የቫሾን ዳገትና ያሳለፍኳቸው ፌሪዎች

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ይሄን የምጽፈው ቫሾን ደሴት፣ ሰውና መኪና የሚያሻግረው መርከብ፣ ፌሪው፣ መሳፈሪያ ጋ ነው። ብስክሌቴን አጥሩ ላይ አስደግፌዋለሁ።

ጠዋት የባሕሩን ዳር ይዤ ስነዳ ደስ ብሎኝ ነበር። ዳገቱን አጋምሼ ውሃ ልጠጣ ስቆም የወንድሜ ሚስት አልማዝ ከውሃው ማዶ፣ ከኦቴሎ ሰፈር ደወለች። ቅዳሜ ጠዋት ደውላልኝ አታውቅም።

"ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?"

"ምነው?"

"ምንም። ዝም ብዬ ነው። ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ።"

"ኦኬ፣ ተረጋግተሽ ንጂ። እቤትሽ እንጠብቅሻለን።"

አምና ለሥራ ባልደረባዬ መርዶ ልንነግራት ስንሰናዳ፣ ደውዬ "ብቻሽን ነሽ?" ያልኳት እኔ ነበርኩ። "ምነው?" ስትለኝ እኔም "ምንም" ብያታለሁ።

አባዬ ደሴ ሐኪም ቤት ከገባ ሳምንቱ ነው። ትናንት ስደውል "ተኝቷል" አሉኝ።

ከስልኩ ወዲህ ያንኑ ዳገት ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩት። ሁለት ፌሪ አሳለፍኩ። ሦስተኛው እየገባ ነው፤ መኪኖቹ ሞተር አስነስተዋል። አልማዝ እንደገና እየደወለች ነው። አላነሳሁም።

ይሄን ውሃ እስክሻገር ድረስ አባዬ ተኝቷል።