«ጎርሷል» ያልከኝ ሽጉጥ

ውድ ወንድሜ ህብረት፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ባዶ ሽጉጥ አስይዘህ ከሌባ ፊት አቆምከኝ። የባለቤቴ የጣፈጠች ክንድ የተሰፋው በዚህ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልግ።

አሁን ደግሞ በሽማግሌ አፍ «ሽጉጥ አልሆነውም፤ ክላሽ ልምረጥለት» ብለህ ልከህብኛል። አንተ ትመርጣለህ? የመጀመሪያውን እንዴት እንደመረጥክ እኔ አልረሳሁም። እኔ የፈለግኩት ትከሻዬ ላይ የሚደገፍ፣ ዓይኔ የሚለየው ማነጣጠሪያ ያለው፣ ጣፈጠችም ብታነሳው የማያስቸግራት ረጅም መሣሪያ ነበር። ቤታችን ከአረካ መንገድ ገባ ብሎ ለብቻው የቆመ ነው፤ ሌላ አያስፈልገውም። አንተ ሳቅክ። «ኢሻ፣ ወንድሜ፣ እሱ እኮ የሽማግሌ ምርኩዝ ነው! ዘመኑ የሽጉጥ ነው» አልከኝ። መያዣው ስላብረቀረቀ ብቻ መረጥከው። ጫማ የሚገዛ ሰው እንኳ እግሩን ይለካል። ቃታው ለጣቴ ከበደ፣ ማነጣጠሪያው ለዓይኔ አነሰ። ፈቃዱ በእኔ ስም፣ ምርጫው ባንተ ሆነ።

ቀጥሎ «ልወልውልህ» ብለህ ወሰድከው። ቢጠና ከተማ ሄደህ ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ ተኩሰህ ጥይቱን ጨረስከው። ሟቹን በሕይወቱ አንድ ቀን ጠይቀኸው አታውቅም፤ ሲሞት ግን ጀግናው አንተ ሆንክ።

ሽጉጡን በዘይት አብረቅርቀህ የመለስክ ዕለት ከባጃጅ ነጂው ከሰሎሞን ጋር ማዕዴ ላይ ተቀምጠሃል። ሽጉጡን በእጄ እንደያዝኩ «ጎርሷል?» አልኩህ። ሥጋውን በዳጣ እያጠቀስክ፣ ቀና ሳትል፣ «ጎርሷል ኢሻ፣ ጎርሷል» አልከኝ።

ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ በወጣበት ሁለት ጎረምሶች፣ አንዱ ገጀራ ይዞ፣ ላማችንን ሊፈቱ ገቡ። ጣፈጠች ስትጮህ ባለ ገጀራው ወደ እሷ ዞረ። «ቁም!» አልኩት፤ አልቆመም። ቃታ ሳብኩ። ቀጭ። ደገምኩ። ቀጭ። ሌባው ሳቀብኝ፦ «አባባ፣ የእርስዎ አልጎረሰም እንዴ?»

ጣፈጠች የእንሰት መፋቂያዋን ይዛ ገባችበት። ክንዷን መታት። ጩኸቱን የሰሙ መንገደኞች ሲሮጡ መጡ፤ ሌቦቹ ላሟን ጥለው ሸሹ። ኦቶና ሆስፒታል ወስጄ አሰፋኋት።

ስትጠየቅ ምን አልክ? «ሰሎሞን ጎርሷል ወይ ያለኝ መስሎኝ።» ሽጉጥ ይዤ ስለ ባጃጅ ነጂ ሆድ ልጠይቅ? ይሁን፣ ተሳስተህ ሰማህ እንበል። ጥይቱን መጨረስህን ግን ታውቅ ነበር። ለመጉረስ የተከፈተ አፍ «ባዶ ነው» ለማለት ምነው ተዘጋ?

ጣፈጠች እኔንም አልማረችኝም። «አንተስ ከፍተህ ብታየው ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«ወንድሜ ጎርሷል ካለኝ በኋላ ከፍቼ ማየት ውሸታም ነህ ማለት ነው» አልኳት።

«ታዲያ ነዋ!» አለች።

ሽጉጡን ለፖሊስ አስረክቤያለሁ። ረጅሙን ራሴ መርጬ ፈቃዱን እየጠበቅኩ ነው፤ ያንተ እጅ አይነካውም። ሽማግሌ አትላክ። ጣፈጠች «ከመጣ ይብላ» ብላለች፤ ማዕዱ የእሷ ነው፣ መጥተህ ጉረስ። ከእኔ ግን ስለዚህ ነገር ከዛሬ ወዲያ ቃል አትሰማም። አፌን እንደዚያ ሽጉጥ ቁጠረው፤ የፈለግከውን ያህል ቃታውን ሳብ፣ ምንም አይወጣውም።

ታላቅህ ባዳቾ
ሶዶ