ዕድር የገባበት የምክር ክፍል

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ በር ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋታቸው ከሥራ ቦታቸው የተነሡ ባለሙያ እንዲመለሱልኝ ስለ መጠየቅ

አመልካች ኃይለ መለኮት ስብሐት እባላለሁ። ከሽሮ ሜዳ ዊንጌት የምመላለስ የታክሲ ሾፌር ነበርኩ። ባለፈው ጥቅምት ጠበልተኞች በኮንትራት ጭኜ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ስወርድ የሚኒባሴ ፍሬን እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልቤን ተመርምሬ «ልብህ ደህና ነው» ተባልኩ። ልቤ ደህና ከሆነ ታዲያ የታመመው ማነው ብዬ ስጠይቅ፣ በጤና ጣቢያዎ ጭንቀትንና አደጋ ጥሎት የሚሄደውን የሥነ ልቦና ጉዳት ወደሚያክሙት ወደ ወ/ሮ ቤርሳቤህ ተላክሁ።

1. እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ናቅኋቸው። መርፌ የላቸው፣ ክኒን የላቸው፤ ያላቸው ሁለት ወንበርና አንድ ካርቶን ሶፍት ነው። ወሬማ ታክሲ ውስጥ በነፃ ስሰማ ኖሬያለሁ ብዬ ነበር። ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ ግን በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልባንን አደርኩ።

2. አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለዕድራችን ሰዎች «ጭንቀት እታከማለሁ» ማለት አፍሬ «ጨጓራዬን ነው» አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ዕድራችን የታመመ አባል ሳይጠይቅ አያድርም። በአራተኛው ቀጠሮዬ ዕለት ሊቀመንበሩ ጋሽ ዓምሃ ዘጠኝ ሰው አስከትለው፣ ሙዝና በፔርሙዝ አጥሚት አስይዘው፣ ወደ ምክር ክፍሉ ሳያንኳኩ ገቡ። እኔ በዚያች ሰዓት እያለቀስኩ ነበር። «ወይኔ፣ ጨጓራው እንዲህ አሠቃየህ!» ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

3. ወ/ሮ ቤርሳቤህ በትሕትና «እባካችሁ ውጭ ጠብቁ» ቢሉም፣ እትዬ ሸዋገነት «እርስዎም ከስተዋል» ብለው አጥሚት ቀዱላቸው። ጋሽ ዓምሃ ደግሞ እኔን ለማጽናናት ብለው ጀመሩ፤ እሳቸውም ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤታቸውን ጎርፍ የወሰደበት ቀን እየመጣባቸው እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ተናገሩ። ሃያ ዓመት ዕድር ሲመሩ ይህን ከእኛ አንድም ሰው አልሰማም። ከዚያ በኋላማ ማን ዝም ይበል! ሁሉም የየራሱን ተናግሮ፣ ሶፍቱ አልቆ ወጡ።

4. በማግስቱ ጤና ጣቢያዎ «ክፍሉን ያለ ፈቃድ ለስብሰባ አውለዋል» ብሎ ባለሙያዋን ወደ ክትባት ምዝገባ አዛወራቸው። ክቡር ኃላፊ፣ ያ ስብሰባ አልነበረም። ቃለ ጉባዔ አልተያዘም፣ አበል አልተከፈለም፣ ከሁሉም በላይ የተነገረው ሁሉ እውነት ነበር። «በቀን አርባ ሰው ማየት ሲገባቸው ስድስት ብቻ ያያሉ» መባሉንም ሰምቻለሁ። ሰው በመጫንማ እኔም ጎበዝ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለት ወንበር ላይ ሃያ ሰው አስቀምጣለሁ። ሕክምና ግን በትርፍ አይጫንም።

5. ፖሊስ ቃሌን ከተቀበለኝ ወዲህ ከወ/ሮ ቤርሳቤህ በቀር ለማንም ደፍሬ ያላወራሁትን ለእርስዎ እጽፋለሁ። የዚያን ዕለት ጋቢና ከጎኔ የተቀመጡት ወ/ሮ ዓለምፀሐይ የሚባሉ እናት ነበሩ። ጠበል ተጠምቀው ሲመለሱ ነው፤ «ዛሬስ ቀለለኝ ልጄ» እያሉኝ ነበር የምንወርደው። እኔ ተረፍኩ፣ እሳቸው አልተረፉም። ፖሊስ ጥፋት አላገኘብኝም፤ እኔ ግን ራሴን በየቀኑ እከሳለሁ። ሚኒባሷ ከተጠገነች ቆይታለች፤ ግቢ ቆማ አቧራ ትጠጣለች።

ስለዚህ ወ/ሮ ቤርሳቤህ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ፣ ለበሩም ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዲገጠምለት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋሽ ዓምሃም ለብቻቸው ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ «ጨጓራ ብለህ አስይዝልኝ» ብለውኛል።

መቀርቀሪያው ቢዘገይ እታገሣለሁ። መታገሥ ያቃተኝ ሌላው ነው። አምስተኛው ቀጠሮ ሚኒባሷ ውስጥ፣ ሞተሯ ሳይነሣ፣ ሁለት ሆነን ልንቀመጥ ነበር። ከወ/ሮ ዓለምፀሐይ ወዲህ ጋቢናው ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ባለቤቴ እንኳ ፈርታ እምቢ ብላኛለች። ያን ቀን ጠያቂው ሁሉ ከወጣ በኋላ «እኔ እቀመጣለሁ» ያሉኝ ወ/ሮ ቤርሳቤህ ብቻ ናቸው። የማዛወሪያ ደብዳቤዎ የደረሳቸው በማግስቱ ነው።

መልስዎን እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኃይለ መለኮት ስብሐት